ስሙ ያልታወቀ የሊቲየም ባትሪ በቆቦ፤ ግዥውና ፍተሻው



ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቆቦ ከተማ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በደጋማው የወሎ ሰንሰለት በታቀፈ ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ ሞቃት ነው። ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝናቡ የማያስተማምን ስለ ሆነም የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። ፀሐይ ግን ለዚህ አገር ተነፍጋው አታውቅም። የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የቆላ ቀበሌዎች ፓኔሉን በጣሪያ ላይ፣ ባትሪውን በቤት ውስጥ ማየት እንግዳ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል።

መስመሩ በደረሰበትም ቢሆን ባትሪ ከቅንጦት የሚቆጠር ዕቃ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ ቆቦና አካባቢው ለወራት ከኤሌክትሪክ ኃይል ተቆርጦ ቆይቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ዳግመኛ የጦርነት መሬት ሆናለች። እንዲህ ባለው ጊዜ በሌሊት ወላድ የሚቀበል ጤና ጣቢያም ሆነ የዘመዱን ድምፅ ለመስማት ስልኩን መሙላት የሚሻ ቤተሰብ ተስፋውን የሚጥለው በባትሪ ላይ ነው። ስለዚህ በባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆን አለመሆኑ የሻጭና የገዢ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

በሕዝቡ አነጋገር "ባትሪ" የሚባለው የእጅ መብራቱ ሲሆን ኃይል የሚሰጠው "ድንጋይ" ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለጥቂት ሰዓት እንዲያገለግል ይደረግ እንደ ነበር የማያስታውስ የገጠር ልጅ የለም። ከድንጋይ ቀጥሎ የመጣው የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ከባድ ቢሆንም ጠባዩ የታወቀ፣ ሲያረጅም ለእርሳሱ ሲባል ገዢ የማያጣ ዕቃ ነው። አሁን በእርሱ ፋንታ እየገባ ያለው ሊቲየም ግን ጠባዩ ለብዙው ሰው ገና አልተገለጠም።

ሊቲየም ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ገዢ ብዙ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት በኮባልት ላይ የተመሠረተ ሲሆን የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ወይም 3.7 ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። በኋላ በ2019 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጆን ጉዲነፍ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያስተዋወቀው የብረት ፎስፌት ዓይነት ደግሞ 3.2 ቮልት ሆኖ ሲሞላ እስከ 3.65 ይወጣል። የመጀመሪያው በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሁለተኛው ሙቀትን ይበልጥ ይታገሣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ስለሆነም ለቆላ ቤት፣ ይልቁንም ክዳኑ ሣር ለሆነ ቤት፣ ሁለተኛውን መምረጥ ይገባል። አራት የፎስፌት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ስለሚሰጡ ባለ 12 ቮልቱን የእርሳስ ባትሪ ይተካሉ።

እንግዲህ ገዢው ሱቅ ውስጥ ሲቆም የሚጠብቀው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሣጥን ነው። ዋጋው ከታዋቂው ዝቅ ያለ ነው፤ በላዩ ላይ ግን "100 አምፔር-ሰዓት" የሚል ተጽፎበታል። ስሙ አለመታወቁ ብቻውን ነውር አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሴል በልዩ ልዩ ስም ታሽጎ እንደሚሸጥ፣ ታዋቂ ስምም በሐሰተኛ ዕቃ ላይ እንደሚለጠፍ የታወቀ ነው። የራያ ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ያስኬደዋል፤ ከዚያም ሻጩን ዋስ ያስጠራል። ይኸው ልማድ ለባትሪም ይሠራል።

ጥርሱን ማየት ማለት መመዘን ነው። ሚዛን በእህል ገበያ አይጠፋም። 12.8 ቮልት በ100 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 1,280 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በገበያ ያሉት የፎስፌት ሴሎች ባብዛኛው በኪሎግራም ከ120 እስከ 180 ዋት-ሰዓት ስለሚይዙ፣ እውነተኛው ባለ 100 ባትሪ ከነሣጥኑ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። 5 ኪሎ የሚመዝን ሣጥን ተመሳሳይ ቁጥር ቢያሳይ በኪሎግራም 256 ዋት-ሰዓት ያዘ ማለት ነው። ይህን ባትሪ መብራት ላይ ሰክቶ መድከም አያሻም። በእጅ መብራት ውስጥ ለሚገባው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ሴል ደግሞ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል፤ ጤናማው ከ45 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። የዚህ መጠን ሴል እጅግ ቢሻሻል 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ቢይዝ ነው። "9,900" የሚል የታተመበት ሴል ሐሰት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም።

ሆኖም ክብደት የሚያጋልጠው ግልጹን ሐሰት ብቻ ነው። በሌላ ሥራ አገልግሎ የደከመ ሴል ክብደቱ እንደ አዲሱ ነው፤ አዲስ ፕላስቲክ ለብሶ ሲመጣ በዓይን አይለይም። ፕላስቲኩ ሲገለጥ በሴሉ ጫፍ ላይ የቀድሞ ብየዳ ጠባሳ ከታየ ነገሩ ይፋ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ይህን የሚፈቅድ ሻጭ ጥቂት ነው።

በአንጻሩ ገዢው ተታለልኩ ብሎ የሚከስበት፣ ነገር ግን ያልተታለለበት ጊዜም አለ። በስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የውስጡ ሴል በ3.7 ቮልት የሚለካ ነው፤ ይኸውም 74 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ዕቃው የሚሰጠው ግን 5 ቮልት ስለሆነ ያው ኃይል 14,800 ይሆናል፤ በመለወጥ የሚባክነው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲቀነስም ለስልኩ የሚደርሰው 13,000 አካባቢ ነው። ይህን ሳያስረዱ ነጋዴውን በሌብነት መወንጀል ተገቢ አይሆንም።

ወደ ዋናው ፍተሻ፣ ማለትም ወደ ማስኬዱ ስንመጣ፣ በቆቦ የሚገኘው ዕቃ በቂ ነው፦ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የመኪና የፊት መብራቶች፣ ቮልትና አምፔር የሚያነብ ቴስተር፣ ፊውዝ ያለው ወፍራም ሽቦና ሰዓት። በቅድሚያ ባትሪው ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር እስከ 14.4 ወይም 14.6 ቮልት ይሞላና አንድ ሰዓት ያህል ያርፋል። ቀጥሎ ሁለቱ መብራቶች ይበሩና በየግማሽ ሰዓቱ ቮልቱና አምፔሩ ይመዘገባል። የፎስፌት ባትሪ ቮልቴጅ በአብዛኛው ጊዜ 13 ገደማ ላይ ረግቶ ከቆየ በኋላ መጨረሻው ላይ በድንገት ስለሚወርድ፣ ቮልቱን ብቻ አይቶ "ግማሽ አለው" ማለት ከእርሳስ ባትሪ የተወረሰ ስሕተት ነው። መከላከያው ሰርኪዩት ባትሪውን እስኪቆርጠው ድረስ መጠበቅ ግድ ይላል። ባትሪው በአማካይ 9 አምፔር እየሰጠ ከ11 ሰዓት በላይ ከሄደ ቁጥሩ እውነት ነው። በ7 ሰዓት ቢያበቃ ግን የተገዛው 63 አምፔር-ሰዓት እንጂ 100 አይደለም።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ወደ ብር መመለስ አለበት። ለምሳሌ ያህል ስሙ ያልታወቀው ባትሪ 20,000 ብር፣ ታዋቂው 30,000 ብር ነው ቢባል፣ የመጀመሪያው 63 አምፔር-ሰዓት ብቻ ከሰጠ አንዱ ዋት-ሰዓት 24.80 ብር ገደማ ያወጣል፤ 100 የሰጠው ታዋቂው ግን 23.40 ብር ነው። ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ያው ያልታወቀ ባትሪ 90 ቢሰጥ ደግሞ ዋጋው ወደ 17.40 ብር ይወርዳል፤ ስሙ ማንም ይሁን ማን መግዛቱ ያዋጣል። ሁለቱን የሚለየው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የባትሪው ቁጥር የሚለካው 20 ወይም 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። በቆላው የቀትር ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚፈተሽ ባትሪ ከዚህ ጥቂት አልፎ ይሰጣል፤ ፍተሻው ያሞግሰዋል። ያው ሙቀት ግን ዕድሜውን ይበላዋል፤ የሴሉ የእርጅና ፍጥነት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ያህል እንደሚጨምር በግምት ይታሰባል። ስለዚህ ፍተሻው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ቀዝቃዛ ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል፤ አገልግሎት ላይ የሚውለውም ባትሪ ከጣሪያው ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኝ የግድግዳ ሥር ቢቀመጥ መልካም ነው። "6,000 ጊዜ ይሞላል" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ቢታሰብ ከ16 ዓመት በላይ ይሆናል፤ ይህን በሱቅ ደጃፍ የሚያረጋግጥ ፍተሻ የለም። አጭር ዙር ፈጥሮ መከላከያውን መሞከርም ለገዢ የሚፈቀድ ሥራ አይደለም፤ እሳት ያስነሣል።

ከላይ የተባለው ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ 50 ባትሪ ሲገዛ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ስንቱ ይፈተሽ? ከ50ው ውስጥ 10ሩ ብልሹ ቢሆኑና 5 ብቻ ተመርጠው ቢፈተሹ፣ አንድም ብልሹ ሳይገኝ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 31 ያህል ነው። 10 ቢፈተሹ ይህ ዕድል ወደ 8 ይወርዳል። አሥሩን ለመፈተሽ አሥር ሌሊት አያስፈልግም፤ አሥር ጥንድ መብራት ቢኖር አንድ ሌሊት ይበቃል። ናሙናውን የሚመርጠው ግን ሻጩ ሳይሆን ገዢው መሆን አለበት፤ በላይ በላዩ የተደረደረው ሁልጊዜ መልካሙ ነውና።

ለፍተሻው ወሰን የሚሆን ቁጥርም አዲስ መፍጠር አያሻም። በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ላይቲንግ ግሎባል በተሰኘው ፕሮግራም የተጀመረውና ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቬራሶል በሚባለው ተቋም የሚመራው የሶላር ዕቃ ጥራት መመዘኛ፣ ተለክቶ የተገኘው መጠን ከተጻፈው ከ15 በመቶ በላይ እንዳያንስ ያዛል። ይህ መመዘኛ የተዘጋጀው እስከ 350 ዋት ለሚደርስ ሙሉ የሶላር ዕቃ ስለሆነ ለብቻው የሚሸጠውን ባትሪ አይሸፍንም፤ ወሰኑ ግን ለግዥ ውል ሊወረስ ይችላል። ይኸውም ባለ 100ው ከ85 በታች ቢሰጥ ሻጩ መልሶ እንዲወስድ በውሉ ይጻፋል ማለት ነው። በራያ ገበያ ዋስ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። በካርቶን ላይ የታተመ የ5 ዓመት ዋስትና፣ የሚጠይቁት ሰው በወልዲያ ወይም በደሴ ከሌለ፣ ወረቀት ነው። አገር ውስጥ ባለ አስመጪ ማኅተም የተደገፈ የ1 ዓመት ዋስትና ከእርሱ ይሻላል።

ባትሪ ጨርሶ የማይገዛበትም ሥራ አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን በጥልቅ ጉድጓድ እየሳበ በመስኖ ማልማትን ለአካባቢው አስተዋውቋል። በሶላር ለሚሠራ ፓምፕ ባትሪ ማስገባት፣ ከጥቂት ሁኔታ በቀር፣ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቀን የተሳበው ውኃ በታንከር ውስጥ ሲያድር ኃይሉም አብሮ አድሯል። ባትሪ ሳይኖራቸው በቀጥታ ከፓኔል የሚሠሩት የክትባት ማቀዝቀዣዎችም ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ ያከማቻሉ። ባትሪ መግዛት ያለበት መብራት፣ ስልክና ሬዲዮ ነው፤ የፍተሻውም ድካም በእነዚሁ ላይ ቢውል ይበቃል።

በየዞኑና በየወረዳው መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ የማኅበሩ አባላት ይህን ፍተሻ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማከናወን ከጽሕፈት ቤት በጀት የሚጠይቁት ከመብራትና ከቴስተር ዋጋ አያልፍም። መዝገቡ ግን መጥፋት የለበትም። በእያንዳንዱ ባትሪ ጎን ላይ የተፈተሸበት ቀንና የተገኘው አምፔር-ሰዓት በቀለም ይጻፋል። ዓመቱ ሲሞላ፣ ዋስትናው ከማለቁ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ያው ባትሪ በእነዚያው ሁለት መብራቶች፣ በዚያው የሌሊት ሰዓት ዳግመኛ ይፈተሻል፤ ባለፈው ዓመት 92 የነበረው 90 ከሆነ በግድግዳው ሥር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ 70 ከሆነ ግን መዝገቡ ተይዞ ወደ አስመጪው ይኬዳል።