ስለ ሰፈርና ስለ ቤት ሕዝብን አስቀድሞ ስለ መጠየቅ



በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፥ በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ፥ መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ስለ ተረሱ፥ በዕብራውያን ላይ አንጐራጐሩ። ሐዋርያትም መንፈስ ቅዱስ ያደረባቸው ሲሆኑ ለብቻቸው ተቀምጠው አልቈረጡም፤ ሕዝቡን ጠርተው ሰባቱን ሰዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም ሁሉ የግሪክ ስም ነው። የዚህ ታሪክ ሰሙ እንጀራ ነው፤ ወርቁ ግን ምክር ነው።

ነገሩ ለዋግ ሰው ሩቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ምክንያት የዚያ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ወስዶ አሰፈረ። ዋግም ያን ጊዜ በወሎ ውስጥ ነበረ። ለተራበ ሰው ዝናም ያለበትን መሬት መስጠት በጎ አሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሳይወዱ ተወሰዱ፤ የደጋው ሰው ወባ ካለበት ቈላ ገባ፤ ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ የተለያዩም ነበሩ። ከኋላም ብዙዎች የተሠራላቸውን ጎጆ ጥለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፥ ዜጋ ሁሉ ማኅበሩን በሚነካ ፖሊሲና ሥራ ላይ አሳቡን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ዳሩ ግን መሐንዲሱ ፕላኑን ጨርሶ ካመጣ በኋላ «እንዴት ነው?» ቢል፥ ሕዝቡም ቢያጨበጭብ፥ ይህ ማስታወቅ ነው እንጂ መጠየቅ አይባልም። በዋግ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ብዙ ሰው፥ ይልቁንም የገጠር እናቶች፥ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው። በአማርኛ ብቻ በተደረገ ጉባኤ እነርሱ ዝም ቢሉ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ይጻፋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በሰቆጣ አቅራቢያ በወለህ መጠለያ ተቀምጠው ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲታሰብ አስቀድሞ የሚቈጠረው ቆርቆሮው ነው። የእርሱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፍየሎቹ ወዴት ያድራሉ? ውኃው ስንት ሰዓት መንገድ ነው? ጎረቤቱ ማን ይሆናል? ወደ አገሩ ቢመለስ ቤቱ ለማን ይቀራል?

ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህኑንና ምእመኑን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ አስቀምጣለች። እንግዲህ የሰፈር ፕላን ገና ሳይሣል፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ቆሞ ምእመኑ ቢሰማ፥ ቃሉም ተጽፎ ለማዘጋጃ ቤቱ ቢደርስ የሚከለክል የለም። ጽሕፈት የሚያውቅ ደብተራ ባለበት ደብር ሥራው ከባድ አይደለም። ብቻ ጸሓፊው የእናቶችን ቃል ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋር አደባልቆ አያሳጥረው፤ ለብቻው ይጻፈው፤ ጽሕፈቱንም ከመስጠቱ በፊት በኽምጣና ያንብብላቸው።