አንድ ዓሣ ወይስ 15?



ባሕር ዳር ላይ ምሳ የሚበላ ሰው «ነጭ ዓሣ» ሲቀርብለት የሚያሳስበው በደንብ መጠበሱ ነው። ዓይነቱን ብዙም አይጠይቅም። ሳይንሱም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለው ተመራማሪ፣ ቀደምት አጥኚዎች በተለያየ ስም የመዘገቧቸውን የጣና ሐይቅ ትልልቅ ባርበሶች፣ ማለትም ይህንኑ «ነጭ ዓሣ»፣ በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የአንዱ መልክ ከሌላው እየተቀላቀለ ለመለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኔዘርላንዱ ሊዮ ናግልኬርከና ባልደረቦቹ ሐይቁ ላይ ሲሠሩ መልኩን ከኑሮው ጋር አያያዙት፦ ምን ይበላል? የትስ ይውላል? አንዱ በወፍራም ከንፈሩ ነፍሳት ይለቅማል። በጎርጎራ ስም የተጠራው ቀንድ አውጣ ይበላል። ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳደው ይውጣሉ፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር። ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሰባት፣ በ2000 ደግሞ አንድ አዲስ ዝርያ ይፋ ሲሆን የሐይቁ ትልልቅ ባርበሶች 15 ደረሱ።

ቆጠራው አስጋሪውንም ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ከ15ቱ ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡም መረቡ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወንዝ ተራቢዎቹ ብዛት ክፉኛ አሽቆለቆለ። ሁሉም አንድ ዝርያ ቢሆኑ ሐይቁ ውስጥ የሚራቡት ጉድለቱን በተኩ ነበር። ዝርያቸው ከተለያየ ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላው አይተካውም፤ የወሩ ምርት በኪሎ ብቻ ከተመዘገበም ጥፋቱ መዝገብ ላይ አይታይም።

ወንዙም እንደ ተመልካቹ ነው። የመስኖ መሐንዲሱ በርብ ውሃ የሚለማውን ሔክታር ያሰላል። አሸዋ ጫኙ ስንት መኪና እንደሚወጣው ያያል። የዓሣ ባለሙያው ዓይን የሚያርፈው ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው፤ እንቁላሉ የሚጣለው እዚያ ነውና። ሦስቱም በየሙያቸው ልክ ናቸው፤ ችግሩ የሚመጣው አንዱ ብቻውን ሲወስን ነው።

ከዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ብዙዎቹ ነገ የግድብ ወይም የመስኖ ጥናት ይቀርብላቸዋል። ከመፈረማቸው በፊት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለዓሦቹ የሚለቀቀው ውሃ በሰነዱ መስፈሩን ይመልከቱ፤ ካልሰፈረም የዓሣ ባለሙያና የአካባቢውን አስጋሪዎች ወደ ስብሰባው ይጥሩ።