ክብደት ለመቀነስና ጤናን ለመጠበቅ በየቤታችን ስለምንሠራው እንቅስቃሴ

(በማኅበራችን የጤናና ስፖርት ኮሚቴ ስም በወርኃዊው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ውሃው መስመርና ስለ ቆሻሻ ማንሻው ክፍያ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ስለ ስፖርት ስናነሣ አንዳንዶቻችሁ ወደ በሩ መመልከታችሁ አልቀረም። ይሁን እንጂ ኮሚቴያችን የያዘው ጉዳይ በየቤታችን የገባ ስለሆነ ጥቂት እንድትታገሡን እንጠይቃለን። ጉዳዩ ውፍረት ነው። ከውፍረት ጋር ስኳርና ደም ግፊት እንዴት እንደሚከተሉ ደግሞ በየብሎኩ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን፤ በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ጎረቤታችን ስንት እንደሆነ መቁጠር አያሻም።

ወደ እንቅስቃሴው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ አንደበታችን አንድ ነገር እንበል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል»፣ «አምሮብሻል» ይባላል። ሲቀንስስ? «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» «ኧረ ምን ነካሽ፣ እንዲህ ከሳሽ!» ነው የሚባለው። ከኋላ የሚወራው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ባለፈው ክረምት ከጠዋት ተጓዦቻችን አንዷ የነበሩ አንዲት እናት፣ ስማቸውን አንጠራም፣ ሐኪም «ክብደት ይቀንሱ» ብሏቸው ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ሳይበግራቸው ተመላልሰው ስድስት ኪሎ ቀነሱ። ስኳራቸውም መውረድ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄደን ብንጠይቃቸው «በደረጃው ላይ ያገኘኝ ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፤ ልጆቼም ሰው ያወራብሻል፣ ተይው አሉኝ» ነው ያሉን። እንግዲህ እኚህን ሴት ከጤናቸው ያራቃቸው ስንፍናም የገንዘብ እጦትም አይደለም፤ የእኛው ሰላምታ ነው። አንዳንድ ወጣቶቻችንም በጋራዡ በኩል ቆመው «እማማ ኦሎምፒክ ሊወርዱ ነው» እያሉ ማላገጣቸውን ሰምተናል። ቀልዱ ለእነሱ የአንድ ደቂቃ ሣቅ ነው። ለተቀለደባቸው ሰው ግን የነገው ጠዋት መቅረት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሩጡ ወይም ዝለሉ የሚል አይደለም። ሰው ስናገኝ «እንዴት አደሩ» እንበል፣ በቃ። ስለ ሰውነቱ ራሱ ካላነሣ አናንሣበት።

ሁለተኛው እንቅፋት ስፖርት ማለት የአትሌት ሥራ ነው ብሎ ማሰብ ነው። አገራችን በሯጮች የታወቀች ናት። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ ወዲህ ስማችን ከሩጫ ጋር ተያይዟል። ታላቁ ሩጫም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባን ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴም እያለበሰ አሥር ኪሎ ሜትር ያስሮጣል። ነገር ግን በዓመት አንድ እሁድ ሮጦ፣ ካናቴራውን ዓመቱን ሙሉ ለብሶ፣ በቀረው ጊዜ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ለሚል ሰው ካናቴራው ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

ስንት ይበቃል ለሚለው መልሱ የሚያስፈራ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በዚያም ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይላል። 150 ደቂቃ በሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ድሮ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልተሠራ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል፣ ሁሉም ደቂቃ ይቆጠራል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መምጣትም ይቆጠራል። ውሃ በጠፋ ሰሞን ጄሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ የወጣነውማ ከነምርቃቱ ይቆጠራል።

መጠነኛ የሚባለው የቱ ነው? ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ ያ ነው። ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ፤ መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ ጨምሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከቆላ አገር በቅርቡ የመጡ ዘመዶቻችን ቶሎ ቶሎ ቢተነፍሱ አይደንግጡ፤ ቀስ እያሉ ይለምዱታል።

አሁን ኮሚቴያችን ሲሠራው ወደቆየው ልማድ እንምጣ። በጠዋት፣ ቡና ሳይቀርብ፣ ስልክም ሳይነሣ ነው የሚሠራው። ሰዓቱን ከአንድ የታወቀ ነገር ጋር ማሠር ይበጃል፤ «ጊዜ ሳገኝ» ያለ ሰው ጊዜ አግኝቶ አናውቅም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው፦ ትከሻን ማዞር፣ ክንድን ማወናጨፍ፣ በቦታ ሆኖ ጉልበትን ከፍ ዝቅ ማድረግ። ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። በክረምት ግቢው ጭቃ ሲሆን የብሎኩን ደረጃ እንጠቀማለን፤ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ለዚህ ይጠቅማል እንግዲህ። ደረጃ ስትወጡ ለልብና ለጭን ጥሩ ነው፤ ስትወርዱ ግን ጉልበት ላይ ስለሚጫን መደገፊያውን ይዛችሁ ዝግ በሉ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ደረጃውን ትቶ ሜዳ ለሜዳ ቢሄድ ይሻለዋል።

በሳምንት ሦስት ቀን በዚህ ላይ ጥቂት የጡንቻ ሥራ እንጨምራለን። ቁጭ ብድግ ሁላችንም ከተማሪ ቤት የምናውቀው ነው፣ ያኔ በቅጣትነት ቢሆንም። በዕድሜ የገፉት ወንበር ከኋላቸው አድርገው፣ እጃቸውን ሳይደገፉ ቁጭ ብለው ይነሡ። አሥር ጊዜ ሠርቶ ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና አሥር ጊዜ። ፑሽ አፕ መሬት ላይ የከበደው ግድግዳ ላይ እጁን አስደግፎ ይሥራው፤ ሲለምድ ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ወለል ይወርዳል። ለክንድና ለትከሻ ብረት መግዛት አያሻም። ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ሁለት ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሃይላንድ በሁለት እጅ ይዞ ማንሣትና ማውረድ ነው። ክብደት ስታነሡ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ በተለይ ግፊት ያለበት ሰው እያነሣ ይተንፍስ።

ገመድ ዝላይ ለወጣቶች ግሩም ነው። ነገር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገና በማለዳ ገመድ የሚዘሉ ልጆች አሉ ተብሎ ከሁለተኛ ፎቅ አቤቱታ ደርሶናል፤ አቤቱታውም እውነት አለው። ዝላይ ምድር ላይ ይሁን።

ጂም መግባት የሚችል ይግባ፣ አንከለክልም። የምናየው ግን ሰዎች የወር ከፍለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነታቸው እስኪዝል ሠርተው፣ በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ መውረድ አቅቷቸው መቅረታቸውን ነው። ከአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይልቅ የየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል ብለን የምንከራከረው ለዚህ ነው።

ስለ አንዳንድ የተለመዱ ነገሮችም ዝም ብለን ማለፍ አልፈለግንም። ሆዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በላዩ ሁለት ሹራብ ደርበው የሚሮጡ አሉ። የሚወጣው ላብ ነው፣ ላብ ደግሞ ውሃ ነው። ሚዛን ላይ የቀነሰ መስሎ የታየው ኪሎ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያም በላይ ሰውነት ከመጠን በላይ ሞቆ ሊጥል ይችላል። ሲት አፕም ቢሆን የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ቦርጭን ለይቶ አያቀልጥም፤ ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው። በማለዳ ሎሚ በሙቅ ውሃ መጠጣትን ያልነገረን ሰው የለም። ሎሚው አይጎዳም፤ ስብ ያቀልጣል የሚባለው ግን ወሬ ነው።

ከዚሁ ጋር ሒሳቡን በግልጽ እንናገር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ከሰባት ሺህ ካሎሪ በላይ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ እንደ ሰውየው ክብደት ከ120 እስከ 180 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፣ 120 ካሎሪ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዞ መልስ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አንድ ለስላሳ የጠጣ ሰው የሠራውን እዚያው አስረከበ። የቡናችንንም ነገር ተመልከቱ። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ወደ 24 ግራም ስኳር ወስዷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የሚጨመረው ስኳር ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ቡናውን ተዉ አንልም፣ ማን ይሰማናል! ስኳሩን ግን በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ማውረድ ይቻላል፤ ምላስ ይለምዳል። ጾምም በራሱ አያከሳም። ቀኑን ውሎ ማታ ፓስታ በዳቦ፣ በላዩ ዘይት የጠገበ ሽሮ ከሆነ ክብደት እንዲያውም ይጨምራል። ጾመኛ የሆነ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ እንቅስቃሴውን ቀለል አድርጎ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ቢያስጠጋው አይደክምም።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስቀንስ መድኃኒት ወይም ሻይ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠራጠሩት።

ጥንቃቄውን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ መርፌ የሚወስድ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ በኪሱ ይያዝ፤ ጫማው የማይቆረቁር ይሁን፣ ሲመለስም እግሩን ይመልከት። ነፍሰ ጡሮች መራመድ ይጠቅማቸዋል፣ ሆኖም የሚከታተላቸውን ባለሙያ ያማክሩ። ደረቱን የጨመቀው፣ ያዞረው፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠመቀው ሰው «ትንሽ ልጨርሳት» አይበል፤ ወዲያው ያቁም፣ ወደ ሕክምናም ይሂድ። ወደ ዋናው መንገድ የሚወጡት ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ አይውጡ። መኪናውም አለ፣ ውሻውም አለ።

ለውጡን በምን እንለካዋለን? ሚዛን ያለው በሚዛን ይለካ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። በየቀኑ እየወጡ መናደድ ግን ጥቅም የለውም። ከሚዛንም የሚሻል ቀላል ዘዴ አለ። ሲባጎ ውሰዱና ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ድረስ ቁመታችሁን ለኩበት። ሲባጎውን እኩል አጥፋችሁ ወገባችሁን በእምብርት ከፍታ አዙሩበት፣ ሆድን ሳትስቡ። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ደኅና ናችሁ። ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል፣ ሥራ አለባችሁ ማለት ነው። ክፍተቱን በጣት ለኩና ቀኑን ጻፉ፤ በወሩ አንድ ጣት ከጠበበ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ ስብ እየወረደ ነው። ይህን መለኪያ የምንወደው ሌላ ሰው ሳያይ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳያወራ በጓዳ ስለሚሠራ ጭምር ነው።

በመጨረሻም ከማኅበሩ የምንጠይቀው አንድ ውሳኔ አለ። ከታች ያለው ግቢ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ከመኪና ነጻ እንዲሆን ነው። መኪና ያላቸው አባላት በዚያ ሰዓት መኪናቸው ከላይኛው በር በኩል ቢቆም ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚያስኬዳቸው አይደለም፣ ያም ይቆጠርላቸዋል። እናቶች ለብቻቸው መሄድ ከፈለጉ ማክሰኞና ሐሙስ ግቢው ለእነሱ ብቻ እንዲሆን አስበናል፤ በጋራዡ በኩል ቆሞ የሚያላግጥ ካለም ጥበቃዎቻችን እንዲያሳልፉት ተነግሯቸዋል። ከላይ የጠቀስናቸው እናት ማክሰኞ እንመጣለን ካሉ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ጋር እንደሚመለሱ ነግረውናል።

ሲባጎ የሌለው ሰው ከጥበቃው ክፍል በነጻ መውሰድ ይችላል፤ ሁለት ጥቅል አስቀምጠናል። መቀሱ ግን እዚያው ይመለስ።

የጤናና ስፖርት ኮሚቴው