መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ እንለካ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የሶላር ጥገና ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየሱቃችንና በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለችው ትንሽ ሣጥን፣ ስለ ቻርጅ ኮንትሮለር ነው። ጉዳዩ የመብራት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር «ኮንትሮለሯ ተቃጥላለች፣ አዲስ ይገዛ» ከተባለ ወጪው የሚሸፈነው ከጋራ ቁጠባችን ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ብድር ተራዋን ለምትጠብቅ እኅታችን የበርበሬ መግዣ ወይም የበግ ማደለቢያ ነበር። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት መለካት እንልመድ።

የኮንትሮለሯ ሥራ የዘበኛ ሥራ ነው። ቀን ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል መጥና ለባትሪው ትሰጣለች፤ ባትሪው ሲሞላ ትገታለች። ማታ ባትሪው ሊሟጠጥ ሲል መብራቱን ትቆርጣለች። በብዙዎቹ ባለ 12 ቮልት ዕቃዎች ይህ የሚሆነው ባትሪው ወደ 11 ቮልት ገደማ ሲወርድ ነው። እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሳይገለጥ ውሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ቢጠፋ፣ ዘበኛዋ ሥራዋን ሠራች እንጂ አልተበላሸችም። ያን ጊዜ እሷን አልፎ አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ባትሪውን መግደል ነው። ከዕቃዎቻችን ሁሉ ቶሎ የሚያረጀው ደግሞ ባትሪው ነው።

ታዲያ እንዴት እንመርምር? አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል እናያለን።

አንደኛ፣ በዓይናችን እንይ። ፓኔሉ አቧራ ለብሷል ወይ? የዛፍ ጥላ አርፎበታል ወይ? ፊውዙ ተቃጥሏል? ሽቦውን አይጥ በልቶታል? በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል? ባትሪ ተቀይሮ ከሆነም የኮንትሮለሯ ማስተካከያ ከአዲሱ ባትሪ ዓይነት ጋር መስማማቱን እንይ።

ሁለተኛ፣ ባትሪውን እንለካ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ፣ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት 200 ላይ እናደርጋለን። ቀዩን ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ እናስነካለን። አሲድ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.7 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 11.8 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው። «12 ቮልት» ስለተጻፈበት 12 ማሳየቱ በቂ እንዳይመስለን። የሊቲየም ባትሪ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ፓኔሉን እንለካ። እኩለ ቀን ላይ የፓኔሉን ሽቦዎች ከኮንትሮለሯ ነቅለን፣ ጫፎቹ ሳይነካኩ እንለካቸዋለን። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ የተለመደ ፓኔል በጠራ ፀሐይ ከ18 እስከ 22 ቮልት ያሳያል። ዜሮ ካሳየ ችግሩ ፓኔሉ ወይም ከጣሪያ የሚወርደው ሽቦ ነው።

አራተኛ፣ ፓኔሉን መልሰን አገናኝተን፣ ፀሐይ እያለ ሁለት ቦታ እንለካ፤ አንዱ በኮንትሮለሯ ላይ የባትሪው ሽቦ በሚገባበት፣ ሌላው በራሱ በባትሪው ራስ ላይ። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከግማሽ ቮልት በላይ ከተለያዩ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ይህ አራተኛው ልኬት ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንዲት አባላችን ሱቅ አይተናል። ባትሪው ማታ ማታ ቶሎ እያለቀ ቢያስቸግራት፣ የጠራችው ባለሙያ ኮንትሮለሯ ትቀየር አላት። እኩለ ቀን ላይ ስንለካ ኮንትሮለሯ ጋ 14.4፣ ባትሪው ራስ ላይ ግን 12.3 ሆኖ ተገኘ። ኮንትሮለሯ ባትሪው የሞላ መስሏት ትገታ ነበር፤ ባትሪው ግን ተርቦ ይውል ነበር። ሽቦውን ከባትሪው ጋር የሚያስረው ብረት ዝጎ ነበርና ፈትተን አጸዳነው፤ አጥብቀንም አሰርነው። ሱቋ እስከ ዛሬ የምትሠራው በዚያችው ኮንትሮለር ነው።

ኮንትሮለሯ በእውነት የምትሞትበት ጊዜም አለ። ባትሪው ጎድሎ፣ ፊውዙና ሽቦው ደህና ሆኖ፣ ፓኔሉ ሳይገናኝ ያሳየው ቮልት ሲገናኝም ምንም ካልቀነሰ፣ ኃይል አልተቀበለችም ማለት ነው። ያን ጊዜ ትቀየር።

ስንፈታ መጀመሪያ አምፖሎቹን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን፣ በመጨረሻ ባትሪውን ነው። ስንገጥም ደግሞ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል፣ አምፖሎቹ መጨረሻ ናቸው። ባትሪው ተነቅሎ ፓኔሉ እንደተሰካ ከቀረ ደህናዋ ኮንትሮለር ልትቃጠል ትችላለች። ባትሪ አጠገብ ኩራዝም ሆነ ሻማ አይብራ፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። የባትሪ አሲድ ያቃጥላልና ያለ ጓንት አንንካ።

«ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው» የሚል ካለ፣ በህንድ ራጃስታን፣ ቲሎኒያ የሚገኘውን ቤርፉት ኮሌጅ እናስታውሰው። ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሴቶች፣ ከአፍሪካ አገሮች የሄዱ አያቶች ጭምር፣ የሶላር መሣሪያ መገጣጠምና መጠገን ተምረውበታል። እኛም ቁጥር ማንበብ እስከቻልን ድረስ አያቅተንም።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለን። አባላት ሆይ፣ ከእንግዲህ ልኬቶቹ በደብተር ሳይመዘገቡ ለኮንትሮለር መግዣ ገንዘብ አይውጣ ብለን እንወስን። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ፓኔል ስትሰጡን ቴስተር፣ ትርፍ ፊውዝና የጥቂት ቀን ሥልጠና ጨምሩልን። ዕቃው ለዓመታት የሚያገለግለን የሚንከባከበው እጅ ሲኖር ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉና።