ደጅ ጥናት የማይሠራበት ቢሮ

(በእንግሊዝ አገር ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በጉባኤያችን ብዙም የማይነሣ ነው፤ ሥራ ያጡ ምእመናን ወደ ጆብ ሴንተር ሲመላለሱ ከሠራተኞቹ ጋር ስለሚኖራቸው ግንኙነት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ወይም ገንዘብ ያዡን ወደ ጥግ ጠርተው «የዚህ ወር የቤት ኪራይ ጎደለብኝ» የሚሉ ሰዎች በየአጥቢያችን አሉ። ነገሩ ሲመረመር ከሥሩ አንድ ያልተነበበ መልእክት ወይም አንድ ያለፈ ቀጠሮ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጎደለውን ኪራይ አንድ ጊዜ ማሟላት እንችል ይሆናል። የጎደለበትን ምክንያት ካላወቅን ግን ያው ሰው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ቢሮው በአጭሩ ልናገር። በዚህ አገር መንግሥት ሥራ ፈላጊንና አሠሪን የሚያገናኝባቸው ቢሮዎች በመላ አገሪቱ መከፈት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የዛሬው ጆብ ሴንተር የዚያ ወራሽ ሲሆን፣ የሚተዳደረውም በሥራና በጡረታ ሚኒስቴር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ስድስት የቀድሞ ክፍያዎችን እየጠቀለለ የመጣው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግለሰቡ ከፊርማው ጋር የሥራ ፍለጋ ግዴታ እንዲገባ ያደርጋል። የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ማመልከቻው ከገባ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ግን ብድር ስለሆነ ከወር ወር እየተቆረጠ ይመለሳል። «መንግሥት ሰጠኝ» ብሎ የተደሰተ ሰው በኋላ ሲቆረጥበት እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቪዛቸው ላይ የመንግሥት ገንዘብ እንዳይቀበሉ የተጻፈባቸው ምእመናን በመካከላችን አሉ። እነርሱ ሳያጣሩ ቢያመለክቱ በመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ ችግር ሊያስከትልባቸው ይችላል። ስለዚህ በደግነት ተነሣሥተን «አንተም አመልክት» ከማለታችን በፊት የኢሚግሬሽን ጉዳይ ወደሚያውቅ፣ ፈቃድ ወዳለው አማካሪ እንላካቸው። የስደተኝነት መብት የተሰጠው ሰው ግን ማመልከት ይችላል፤ በመብቱም ሊያፍርበት አይገባም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። እኛ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የቢሮ ልማድ ደጅ ጥናት ነው። ባለሥልጣኑ በጎ ፊት እስኪያሳየን በትሕትና እንመላለሳለን፣ አማላጅ እንፈልጋለን፣ የሚያውቀን ሰው እንዲኖር እንመኛለን። ይህ ልማድ በራሱ ክፋት የለበትም፤ ዘመናትም ኖሮበታል። በጆብ ሴንተር ግን አይሠራም። ዛሬ ያነጋገረችን ሠራተኛ ወርክ ኮች ትባላለች፤ ከብዙ ሰዎች ጋር ተራ በተራ ስለምትገናኝ ለእያንዳንዱ ያላት ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው በወንበሯ ልትተካ ትችላለች። ያ አዲሱ ሰው የእኛን ትሕትና አያውቅም፤ የሚያየው በኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያልሰፈረ ነገር፣ በቃል የቱንም ያህል ቢነገር፣ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ስለዚህም በበይነ መረቡ ላይ ያለው ጆርናል የሚባለው መዝገብ ከሠራተኛዋ ፊት ይበልጥ ሊከበር ይገባዋል። ቀጠሮ የሚሰጠው፣ ጥያቄ የሚቀርበው፣ መልስ የሚመጣው በዚያ ነው። ምእመኑ ታሞ ቢቀር፣ ልጁ ቢታመምበት፣ አውቶቡስ ቢቆም፣ ከመቅረቱ በፊት ካልሆነም ያንኑ ዕለት ምክንያቱን በጆርናሉ መጻፍ አለበት። የሐኪም ወረቀት ካለ ማያያዝ ነው። በስልክ ከተነገረም «ዛሬ በስልክ ይህን ነግሬአለሁ» ብሎ በጆርናሉ መድገም ይጠቅማል። ይህ ሁሉ ሠራተኛዋን አለማመን አይደለም፤ እርሷም ብትሆን ለምእመኑ ልትረዳ ብትፈልግ የምትይዘው ማስረጃ ያገኛል እንጂ።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልናገር፤ «እሺ» ስለምትባለው። በእኛ ዘንድ «እሺ» ማለት ሁልጊዜ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ፣ አሳብዎን አልቃወምም ማለትም ይሆናል። የሚናገሩትን ያልተረዳን እንደሆነም፣ ሰውን እንዳናስቸግር ብለን «እሺ» እንላለን። በጆብ ሴንተር ጠረጴዛ ላይ ግን ይህች ቃል ውል ትሆናለች። ምእመኑ በሳምንት እስከ 35 ሰዓት ሥራ እንዲፈልግ፣ እስከ ሩቅ ሰፈር ድረስ እንዲያመለክት፣ በዚህ ቀን ለዚህ ሥልጠና እንዲገኝ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፤ በስክሪኑም ላይ ተስማማሁ የሚለውን ይጫናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ቃል የገባኸውን አላደረግህም» ይባላል። ሠራተኛዋ እንደዋሸ ታስባለች፤ እርሱ ደግሞ እንደተናቀ ያስባል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ስለሆነም ለምእመናኑ ልናስተምራቸው የሚገባ የመጀመሪያው ነገር፣ ያልገባቸውን ነገር «አልገባኝም» ማለት ድፍረት እንዳልሆነ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ መሥሪያ ቤቱ በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት አለው። ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ ማየት በየቤቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ዕዳና ሕመም በቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንዲናገር ማድረግ የማይገባ ሸክም ነው እላለሁ። አጥቢያው አንድ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አዋቂ ሰው ቢመድብ ከዚህ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ስምምነቱ የሚደራደሩበት መሆኑ ነው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በዋናነት የሚንከባከብ ወላጅ ሥራ እንዲፈልግ አይገደድም። ሕመም ያለበት ሰው፣ አካል ጉዳተኛ ቤተሰብ የሚያስታምም ሰው፣ የሚጠየቀው ሰዓት እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርትም በስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። በበጎ ፈቃድ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎትም ሠራተኛዋ ከተስማማች ከሥራ ፍለጋው ሰዓት እስከ ግማሽ ድረስ ሊታሰብ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ምግብ የሚያበስሉ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሥራ ፈላጊዎች ይህንን አያውቁም፤ ወይም እንዳይከለከሉ ፈርተው ይደብቁታል። መደበቁ ነው የሚጎዳቸው። ለአገልግሎት ደመወዝ የሚከፈላቸው ካሉ ግን ያ ገቢ ስለሆነ መነገር አለበት።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ ለደረሰበት ግን ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝኛ «9» የተባለ የጠዋት ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ነው። መልእክቱን ያነበበው ዘመድ በየዋህነት «ቀጠሮህ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ቢለው፣ ምእመኑ ልብሱን ለብሶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ከሰዓት በኋላ በእነርሱ 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ይቆማል። ቀጠሮው ካለፈ 6 ሰዓት ሆኖታል። ስለዚህ በየአጥቢያው ስለ ቀጠሮ ስንነጋገር «ጠዋት በፈረንጅ 9» ብለን እንናገር፤ በወረቀትም ጽፈን እንስጥ። የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። የልደት ቀን በአንዱ ሰነድ በእኛ፣ በሌላው በእነርሱ ከተጻፈ፣ አንድ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ዕድሜዎች ይኖሩታል። በአገር ቤት የምትገኙ አባቶችም የክርስትና ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ብትጽፉት ብዙ መከራ ታቀልላላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ያዦችና ለእቁብ ሰብሳቢዎች በቀጥታ የሚመለከት ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ሰው ያለው ቁጠባ ከ6,000 ፓውንድ ሲበልጥ ክፍያው ይቀንሳል፤ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ጨርሶ ይቋረጣል። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ ከገባ ሀብቱ ተብሎ ይቆጠራል። የሌሎችን እቁብ በስሙ የሚያስቀምጥ ሰብሳቢም ገንዘቡ የእርሱ እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ የአባላቱ ዝርዝርና ደረሰኝ ከሌለ ይህን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ በግለሰብ ሒሳብ ማስቀመጥማ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነው። በዚህ ላይ ለዘብ ብዬ ለመናገር አልፈልግም።

ለቅሶም አለ። ወላጅ በአገር ቤት ሲያርፍ ልጅ ትኬት ቆርጦ ይሄዳል፤ ለማንም ሳይናገር። ሕጉ እስከ 1 ወር ከአገር መውጣትን ይፈቅዳል፤ የቅርብ ዘመድ ሞት ሲያጋጥምና መመለስ አስቸጋሪ ሲሆን ደግሞ 1 ወር ሊጨመር ይችላል። ነገር ግን ከመሄድ በፊት በጆርናሉ ማሳወቅ ግድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ያሉት ቀጠሮዎችና ግዴታዎችም እንዴት እንደሚሆኑ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኀዘንተኛው ይህን ለማሰብ ልቡ አይችልም። ስለዚህ ለለቅሶ የሚሄዱ የሰበካ ጉባኤ አባላት ከማጽናናቱ ጋር «ለቢሮው አሳውቀሃል?» ብለው ቢጠይቁት፣ ከፈለገም አብረውት ቁጭ ብለው ቢጽፉለት መልካም ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም ቅጣት ይመጣል። ሳንክሽን ይሉታል፤ የሚሰላውም በግለሰቡ መሠረታዊ አበል ላይ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ የቀረ ሰው እስኪቀርብ ድረስ ያለው ጊዜ ተቆጥሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 7 ቀን ይጨመርበታል። ስለዚህ የተቀጣ ሰው ተቆጥቶ ወይም አፍሮ ቤቱ ሲቀመጥ ቅጣቱን ራሱ ያራዝማል። ሥራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን የለቀቀ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 91 ቀን ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ ለምግብና ለመሠረታዊ ፍላጎት የሚያሳጣው ሰው የችግር ጊዜ ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ እርሱም የሚመለስ ነው።

ውሳኔው ትክክል ካልመሰለው በ1 ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል። ያም ካልተስተካከለ፣ የዳግም ምርመራው መልስ ከደረሰው በኋላ በ1 ወር ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ነጻ ወደሆነ ትሪቡናል ይግባኝ ይላል። ለይግባኙ ገንዘብ አይከፈልም፤ አስተርጓሚም ይቀርባል። ብዙዎቻችን ከመንግሥት ጋር መካሰስ በቀል ያመጣል ብለን ስለምንፈራ ይህን በር አናንኳኳም። በዚህ አገር ይግባኝ የቢሮው ሥራ አንድ ክፍል ነው፤ ሠራተኛዋም እንደ ስድብ አትቆጥረውም። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ምን እንደተወሰነ፣ በዚያ ቀን ምን እንደሆነ፣ ማስረጃው የት እንዳለ። የሠራተኛዋን ጠባይ መክሰስ ከፈለገ ያንን በተለየ አቤቱታ ያቅርበው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይዳከማሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ካህናት ደብዳቤ የሚጠየቁት። የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ክብደት አለው። ስለዚህም ያየነውን ብቻ እንጻፍ። «በዚህ ዕለት በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ነበረ» ብለን የምንጽፈው በእርግጥ ከነበረ ነው። ለአንዱ አዝነን ያልሆነውን ብንጽፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ምክንያት ያላት እናት የምታቀርበው ደብዳቤ አይታመንም። እምቢ ማለት የሚከብደውን ካህን ሰበካ ጉባኤው ሊያግዘው ይገባል፤ ደብዳቤ የሚሰጠው ጸሐፊው መዝገብ አይቶ ነው የሚል አሠራር ቢወጣ ካህኑ ከሐሜት ያርፋል።

እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ እንዲያ ለመምሰልም አንሞክር። ሲትዝንስ አድቫይስ የሚባለው ተቋም አዲስ አመልካቾችን እስከ መጀመሪያው ሙሉ ክፍያ ድረስ በነጻ ይረዳል። ከእኛ የሚጠበቀው ምእመኑን እዚያ ድረስ ማድረስ ነው፤ «ሂድ» ማለት ብቻ ሳይሆን ቀጠሮውን አስይዞ አብሮ መሄድ። አብሮ የሚሄደውም ሰው በምእመኑ ፈንታ አይናገር፤ ከጎኑ ተቀምጦ የተባለውን በማስታወሻ ይያዝ፣ ሲወጡም በአማርኛ ይድገምለት።

ለዚህ ሥራ በየአጥቢያው ሁለት ሰዎች ይበቃሉ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሴት እኅት እንድትኖር የምለው በቤት ውስጥ ስለሚደርስ በደል ለወንድ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። ክፍያው ለባልና ለሚስት ባንድነት ወደ አንድ ሒሳብ በሚገባበት ቤት፣ ገንዘቡ የማይደርሳት ሚስት ክፍያው እንዲከፈል መጠየቅ እንደምትችል የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ለግማሽ ሰዓት የሚቀመጡበት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይሰጣቸው። የአዳራሹ ጥግ አይበቃም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ያያል።