ወፍ የበላው ዘር

አልሐምዱ ሊላህ፤ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ። 

ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ ያለው የቆቃ ውሃ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ እርጥብ መሬት ይተዋል። በባቱ የዝዋይ ሐይቅም እንዲሁ ነው። በዚሁ በበጋ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች እዚያ ያርፋሉ። ገበሬውም የውሃውን እግር ተከትሎ ይዘራል። ማሽላ ከበቆሎ ይልቅ ርጥበት የበዛበትን መሬት ይታገሣል።

አንዳንድ ወንድሞች «ወፍ የበላው ኪሳራ ነው» ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ሐዲሱን አነስ ኢብኑ ማሊክ አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ በውሃው ዳር ያለችውን የመጨረሻ ትልም ሳያጭድ የተወ ሰው አልከሰረም።

ነገር ግን በሰው ሐቅ ሰደቃ አይሰጥም። የግሪሳ መንጋ የጎረቤትን ማሽላ በጥቂት ቀን ባዶ ያደርጋል። ለወፍ ብለን የምንዘራ ከሆነ የጎረቤት እህል ከሚያሸትበት ቦታ እንራቅ፤ አስቀድመንም እንመካከር።

ከሁሉ የከፋው በጥሬ አባብሎ በመርዝ መግደል ነው። መርዙ የሞተችውን ወፍ ለበላ አሞራና ለምንጠጣው ውሃም ይተርፋል። ያበላናትን ፍጥረት አንክዳት።

አላህ በዘራነው በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።