ሁለት ዓይነት አሥር ኪሎ ሜትር

ከሯጭና ከኳስ ተጫዋች ማን ይበልጥ ጠንካራ ነው?

የረጅም ርቀት ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሷል። ያም ማለት በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር፣ እያንዳንዱን በአማካይ በ63 ሰከንድ ገደማ! እዚህ ላይ ወሳኙ ልብና ሳንባ ነው፤ ኦክስጅን ለጡንቻ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። የረጅም ርቀት ሯጭ ጡንቻም በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚኮማተር፣ ቶሎ የማይዝል ነው። የአጭር ርቀት ሯጩ ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ ግን ያስፈለገው በቅጽበት የሚፈነዳ ጉልበት ነበር።

ኳስ ተጫዋቹስ? የመሀል ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሸፍናል። ርቀቱ ከቀነኒሳ ሩጫ ጋር ይቀራረባል፤ አሯሯጡ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ይራመዳል፣ በድንገት ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ለቴስታ ይዘላል፣ ይጋፋል። ትንፋሹ ተቆራርጦም ኳሱን ለማን እንደሚያቀብል መወሰን አለበት። በእኔ እምነት በችሎታ ብዛት ኳስ ተጫዋቹ ይበልጣል፤ በጽናት ግን የረጅም ርቀት ሯጩን የሚደርስበት የለም።

ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ወገኖቻችን፣ አደራ፦ ኳስ ተጫዋቾቻችሁን ረጅም ሩጫ ብቻ አታስሩጧቸው። አጫጭር የፍጥነት ሩጫ፣ ድንገት መቆምና አቅጣጫ መቀየርንም ከኳስ ጋር አለማምዷቸው።